በስንት ወሩ ሄደ?

የመርካቶ እናት የልጇን እርምጃ የምትቆጥረው በበዓል ነው። «ለጥምቀት ቆመ፣ ለፋሲካ ሄደ» ትላለች፤ ሙስሊሟ ጎረቤቷም በረመዳንና በዐረፋ ትቆጥራለች። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ካደገ ያ ቀን ይረሳል። በሃያ ዓመቱ ድምፅ መስማትና ብቻውን ማውራት ከጀመረ ግን ዘመድ ተሰብስቦ ልጅነቱን ይበረብራል። ያኔ የሚገኘው ትዝታ በሐዘን የተለወጠ ነው።

*

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1946 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተወለዱት ሕፃናት ከፊሎቹን ተመራማሪዎች መዝግበው እስከ ጉልምስና ተከታትለዋቸዋል። መቼ እንደሄዱ እናቶቻቸው የተጠየቁት ልጆቹ ገና 2 ዓመታቸው ሳለ ነው፤ ስለ ሕመም ማንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ጥናቱ ከያዛቸው 4,746 ሰዎች መካከል 30ዎቹን ኋላ ስኪዞፍሬንያ፣ ያ ድምፅ የሚያሰማው የአእምሮ ሕመም፣ ያዛቸው። በ1994 የታተመው ውጤት እነዚህ 30 ሰዎች ከእኩዮቻቸው በአማካይ 1.2 ወር ዘግይተው እንደሄዱ አሳየ። በሰሜን ፊንላንድ በ1966 የተወለዱትን የተከታተለው ጥናትም ወደዚያው አመለከተ።

አንድ ወር ከጥቂት ቀን! የትኛዋም ጎረቤት በዓይኗ ለይታ አታውቀውም። ደግሞም አማካይ ነው፤ ዘግይተው ከሄዱት እጅግ አብዛኞቹ በሽታው አይነካቸውም፣ በጊዜ ሄደውም የሚታመሙ አሉ። ዳዴ በሚል ሕፃን ላይ ትንቢት የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

*

አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ከመርካቶ ጋር ጎረቤት ነው፤ እዚሁ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ። ልጁን ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ምክንያቱን ቅርብ ቀን ላይ ይፈልገዋል፦ ፈተና ወደቀ፣ ጫት አበዛ፣ ከዓረብ አገር ተባረረ፣ መተት ተደረገበት። ችግርና ጫት ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ወይም ሊያባብሱ ይችላሉ። የእርምጃው ጥናት የሚለው ግን አንዳንዱ ሥር ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ አንጎል በሚገነባበት ጊዜ እንደተተከለ ነው።

ይህን ሰምቶ ክሱን ከመተተኛ ወደ እናት የሚያዞር ይኖራል። በደል ነው። የዘር ውርስ፣ የእርግዝና ጊዜ ሕመም፣ በምጥ ላይ መታፈን፣ እነዚህን እናት መርጣ አላመጣቻቸውም።

*

እግርና ሐሳብ ምን አገናኛቸው? ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል በሁለቱም ውስጥ አለ። ለሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ ለሚያርቅ የአእምሮ መታወክ፣ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ዶፓሚንን ሲገታ የታማሚው እጅ የሚንቀጠቀጠው፣ አካሄዱ የሚገተረው ለዚህ ነው። መንገድ ላይ እንዲህ ሲራመድ ያየነውን ሰው «እብደቱ ነው» እንላለን፤ ግን መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል።

*

በመርካቶው ምን አለሽ ተራ አካባቢ ሕፃን የሚውለው ካርቶን ውስጥ ወይም እናቱ ጀርባ ላይ ነው። መሬት ብታወርደው ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ይመጣል፣ ጋሪው ይከተላል። ቤትም ስትገባ አልጋው ክፍሉን ሞልቶታል። ቻርልስ ሱፐር የተባለ ተመራማሪ በ1976 ስለ ኬንያ ሕፃናት ሲጽፍ፣ መቀመጥንና መራመድን ሆን ብለው የሚያለማምዱ ወላጆች ልጆች እነዚያን ቶሎ እንደሚችሉ፣ ያልተለማመዱትን ነገር ግን ቀድመው እንደማይችሉ አሳይቷል። ስለዚህ የመርካቶ ልጅ ቢዘገይ በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አንጎሉ አይደለም። ድክ ድክ የሚልበት ቦታ አግኝቷል ወይ?

*

ሁለተኛው ጥያቄ ፀሐይ ነው። በከተማችን በኢትዮ-ስዊዲሽ የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ በ1997 የታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ (የአጥንት መልፈስፈስ) አለባቸው ሲል፣ ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 መካከል ያገኘው 20 ብቻ ነው። ፀሐይ በማይጠፋበት ከተማ! ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳይበላው ተሸፋፍኖ ጨለማ ክፍል የከረመ ልጅ አጥንቱ ይልፈሰፈሳል፣ መሄዱም ይዘገያል። ይህ ይታከማል። በ2010 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ደግሞ ሲወለዱ ከፀሐይ የሚገኘው ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው ልጆች ላይ ኋላ ስኪዞፍሬንያ በዝቶ አግኝቷል፤ አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው ለማለት ግን ያ ብቻውን አይበቃም።

*

ቡታጅራ ላይ በ1998 የተጀመረው ጥናት 68,378 ጎልማሶችን ቤት ለቤት መርምሯል። ከ1,000 ሰው ወደ 5 የሚጠጋው በሕይወቱ ስኪዞፍሬንያ አግኝቶታል፤ ከታመሙት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። የሚያስቆጨኝ ይህኛው ነው። የእርምጃው ልዩነት በወር ይለካል፣ በሕመምና በሕክምና መካከል ያለው ግን በዓመታት።

*

የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እንዳወጣው፣ ጤነኛ ሕፃን ብቻውን መሄድ የሚጀምረው ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። በአገራችን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ15 ወር ነው፤ እናትና ጤና ባለሙያ ልክ በዚያ ዕድሜ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። «ቆመ? ሄደ? ፀሐይ ይሞቃል?» ብሎ ጠይቆ በክትባት ካርዱ ጀርባ መጻፍ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። አዲስ ከተማ ያላችሁ የጤና ጣቢያ ነርሶች፣ ይህን ጠይቁልን። ወላጆችም፣ ልጃችሁ 18 ወር ሞልቶት ብቻውን ካልሄደ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ካቆመ፣ ጎረቤት «አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደ» ቢላችሁም ለሐኪም አሳዩት።