በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፦ ከደጀን ወይስ ከጎሐ ጽዮን?

ከአዲስ አበባ በፍቼ በኩል ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን ሲያልፍ መሬቱ ድንገት ይከፈትበታል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገርና እየተጠማዘዘ ደጀን ይወጣል። እዚህ ቦታ ስልኩን ያላወጣ መንገደኛ ጥቂት ነው። ቤት ገብቶ ሲያየው ግን አብዛኛው ፎቶ ግራጫ ነው። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፤ ሰዓቱና የተቆመበት አፋፍ ነው።

ፎቶፒልስ፣ ሰን ሰርቬየርና መሰል የስልክ አፖች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የሚቆሙበትን ቦታና ቀኑን ሲመርጡ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡበትንና የሚገቡበትን አቅጣጫ ካርታ ላይ በመስመር ያሳያሉ። ስሌቱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ካርታው ግን ስለሚፈልግ ከቤት ሳይወጡ አይቶ ስክሪንሾት መያዝ ይሻላል። ቦታው ላይ ደርሰው አቅጣጫ ሲለኩ ከመኪናው ራቅ ይበሉ፤ ብረቱ የስልኩን ኮምፓስ ያሳስተዋል።

ደጀን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 8 እና ነሐሴ 20 አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናት ላይ ትውላለች። በእነዚህ ቀናት መካከል፣ ማለትም በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ናት፤ በቀረው ጊዜ በስተደቡብ። ይህ ለገደሉ ትልቅ ነገር ነው። በታኅሣሥና በጥር ብርሃኑ በደንብ የሚያርፈው በደጀን በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ የደጀንን ገደል ለማንሳት የሚመቸው ከጎሐ ጽዮን ነው። ከደጀን ሆነው የጎሐ ጽዮንን ግድግዳ በርቶ ለማየት ከፈለጉ ግንቦት ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ክረምቱ ይገባል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን መስከረምን የሚያህል የለም። ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ ገደሉም አረንጓዴ ነው። በመስከረም 12 አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ልክ ከምሥራቅ ወጥታ ልክ በምዕራብ ስለምትገባ ሁለቱም ግድግዳዎች ከጎን ብርሃን ያገኛሉ።

ፎቶ አንሺዎች «ወርቃማ ሰዓት» የሚሉት፣ ፀሐይ ከአድማሱ 6 ዲግሪ በላይ ጀምሮ 4 ዲግሪ በታች እስክትሆን ያለው ጊዜ፣ እኛ አገር ሰዓት አይሞላም። በመስከረም ለንደን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቆይ ደጀን ላይ 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ፀሐያችን ወደ ታች ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። አፑ የሚሰጠው ሰዓት ደግሞ ለሜዳ የተሰላ ነው። ገደሉ ውስጥ ያለ ሰው ዘግይታ ትወጣለታለች፣ ቀድማም ትጠልቅበታለች።

ባለፈው ጥምቀት ይህ 40 ደቂቃ ለቤተሰባችን በጣም ያስፈልገን ነበር። ወንድሜ ከስምንት ዓመት በኋላ ከካናዳ መጥቶ፣ ደጀን የሚኖሩት አያታችን እማሆይ ጋር ያለን አንድ ምሽት ብቻ ነበር። እሳቸው ሰማንያን አልፈዋል፤ «በሚቀጥለው ዓመት እናነሳለን» የሚባል ነገር አይደለም። በሥራዬ ማርኬቲንግ ላይ ስለሆንኩ ያለ ዕቅድ ፎቶ አልወድም። አፑ ለጥር 11 ፀሐይ ከምዕራብ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ 18:26 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ26፣ እንደምትገባ አሳየኝ። ስለዚህ ገደሉ በስተምሥራቅ የሚከፈትበትን የአፋፍ ጥግ ካርታ ላይ መረጥኩ፤ ብርሃኑ ከእኔ ጀርባ መጥቶ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ።

እማሆይ ወንበሩን ሲያዩ «ገደል አፋፍ ላይ ምን ልታደርጉኝ ነው ልጆቼ? በሬ ላይ አታነሱኝም?» አሉ። ወንበሩን ከአፋፉ ብዙ እርምጃ መለስ አድርገን፣ እኔ ራቅ ብዬ በዙም አነሳሁ። እንዲህ ሲነሳ የኋላው ገደል ቀረብ ብሎ ይታያል፤ ማንም ጫፍ ላይ መቆም አያስፈልገውም። 12 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዓይናቸውን ስለወጋቻቸው ጠበቅን። የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሲቀሩ ነጠላቸው ማር መሰለ። ወንድሜ እጃቸውን ይዞ ነበር፤ ካሜራውን ረስቶ እሳቸውን ነው የሚያየው። «መልኬ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጨረቃን የሚፈልግ ሙሉ ከመሆኗ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይሂድ። ያን ቀን ጀንበር ሳትጠልቅ ስለምትወጣ ጨረቃዋም መሬቱም አብረው ይታያሉ። (ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካህን አጠገብዎ ካለ ቀኑን ያለ አፕ ይነግርዎታል፤ አቅጣጫውን ግን አፑ ላይ ይዩ።) ሙሽሮች ከጨረቃዋ እኩል ሆነው እንዲታዩ ካሜራው 200 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ረጅም ሌንስ ከሌለዎት ግን አይድከሙ።

አፑ የማይነግርዎ ነገርም አለ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳትዎ በፊት ደጀን ላለ ዘመድ ወይም ለመስመሩ ሾፌሮች ደውለው ያጣሩ። ታች ደግሞ በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በጥበቃ ሥር ስለሆነ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፤ ስልክዎን ኪስዎ ከትተው ይሻገሩ። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዘው ከሆነ ጋቢ አይርሱ፤ ጀንበር እንደገባች ደጀን ይቀዘቅዛል።