የጭሱ ሒሳብ

ሮማናት ዳር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ጓደኛዬ ስለ አየር ንብረት ሊሰበሰብ አውሮፓ በርሮ መመለሱ ነው። «የአውሮፕላኑን ጭስ ካሳ ከፍያለሁ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። «ለማን?» ብለው ጭጭ!

ጎበዝ፣ ሩቅ አትሂዱ። ከመቀሌ በስተምዕራብ፣ ደጉዓ ተምቤን፣ ከጦርነቱ በፊት ኢትዮትሪስ የተባለ ፕሮጀክት ተጀምሯል። ገበሬው ተራራውን ከከብት ይከልላል፤ ዛፉ ያቆጠቁጣል፤ ዛፍና አፈሩ የያዙት ካርቦን ተለክቶ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለመንደሩ ሥራ ይውላል።

ታዲያ ጭሱ በአንድ ቀን ይወጣል፤ ዛፉ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በጦርነቱ መብራት ሲጠፋ በትግራይ ስንቱ ዛፍ ማገዶ ሆነ! ዛፉ ሲነድ የያዘው ካርቦን ተመልሶ ይወጣል።

ስለዚህ ምክሬ፦ መጀመሪያ ጉዞውን ቀንሱ፤ የግድ ከሆነ ክፈሉ፤ ስትከፍሉ ዛፉ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቁ።

ጓደኛዬ «ሒሳቡን እኔ ልዝጋው» አለ። የማኪያቶውን ማለቱ ነው።