ኤሲ ወይስ ሂተር?

የጎንደር ጋራዥ በአንድ ቀን ሁለት አገር ነው። በኅዳር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁልፍና ካቻቢቴ ስትይዙ ብረቱ እጃችሁን ይቆነጥጣል። በመጋቢት ቀን 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ያው ቆርቆሮ ጣሪያ ምጣድ ይሆናል፤ እንጀራው መካኒኩ ነው።

የአክስቴ ልጅ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፊ ጋራዥ አለው። "ኤሲ ልግዛ ወይስ ሂተር?" ብሎ አማከረኝ። እኔም "በሩን ትዘጋዋለህ?" አልኩት። ሳቀ። መኪና ሲገባና ሲወጣ የሚውልበትን በር ማን ይዘጋዋል? በሩ ክፍት የሆነ ጋራዥ ውስጥ ኤሲ መስቀል በተቀደደ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ሌሊቷ ያንዘፈዝፋል። ቆርቆሮ ደግሞ ስስ ነው፤ ሁለቱንም እንዳለ ያስገባል። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከመሠረቱ በኋላ የተሠሩት ግንቦች ግን በድንጋይና በኖራ የቆሙ ናቸው። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ማታ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ያለ መብራት ቆጣሪ!

ስለዚህ ብሩ መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ይሂድ። ከቆርቆሮው ሥር የጂፕሰም ኮርኒስ ይሠራ፤ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ከላይ የሞቀው አየር የሚወጣበት፣ ከታች ቀዝቃዛው የሚገባበት ክፍተት ይተው። ለሠራተኛው ቬንትሌተር ይበቃዋል። ኤሲ የግድ ካስፈለገ ለትንሿ ቢሮ ይሁን፣ የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ዓይነት። እንዲህ ያለው ለሚበላው 1 እጅ መብራት 3 እጅ ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ተራው ሂተር የበላውን ያህል ብቻ ነው የሚመልሰው። ደባርቅ ላላችሁ ደግሞ፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። እናንተ ከጎንደር ወደ 700 ሜትር ከፍ ብላችኋልና ማቀዝቀዣውን እርሱት፤ የግድግዳውን ቀዳዳ ድፈኑ።

ይህ ሁሉ ስለ ምቾት ነው። ከዚህ የሚብስ አለ።

የጋራዡ ዘበኛ አዛውንት ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል። ሁሉም "ብርድ ነው" ይላቸዋል። አንድ ቀን የሚያድሩባትን ጠባብ ክፍል አየሁ፦ በሩ ጥርቅም፣ መሐል ላይ የከሰል ምድጃ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው እንደተኛ ይቀራል። በዚያ ላይ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉና ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ አንዲት ፍም ትበቃዋለች።

"አባባ፣ ይሄ ነገር ይገድልዎታል" አልኳቸው።

"ብርዱስ ልጄ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ምድጃውን ነጥቆ መሄድ መልስ አይሆንም። የአክስቴ ልጅ ኤሲውን እስካሁን አልገዛም። የአባባን ክፍል ግን ኮርኒስ አሠራላት፣ ወፍራም ፍራሽና ሁለት ብርድ ልብስም ጨመረ። ምድጃው አሁን ደጅ ነው፤ ቡና ይፈላበታል።