ብስክሌት ያስተማረችኝ ልጄ



በ2018 (እ.ኤ.አ.) በጥቅምት ወር እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ከምንኖርበት ከጀርመን አገር ወደ ደቡብ ስፔን ሄደን አሥር ቀን ቆይተን ተመልሰናል። «ሽርሽር ምን ይጻፍበታል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔም ስሄድ የማስበው እንዲሁ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ ይዤ የተመለስኩት ነገር ከመዝናናት በላይ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለእናቶችና ለልጆቻቸው ይጠቅም ይሆናል በማለት ብዕሬን አነሳሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉዞው በፊት ነው። ትልቋ ልጄ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ ሌሊት በመጋዘን፣ እኔ ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ስለምንሠራ፣ አራታችን አንድ ማዕድ የምንከብበት ቀን በሳምንት አንድ ቢገኝ ነው። በዚህ መካከል ልጄ እየራቀችኝ መሄዷን ልብ አላልኩም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቷ የወላጆች ስብሰባ ጥሪ መጣ። «እማዬ፣ አንቺ ባትመጪ ይሻላል፤ አባዬ ይሂድ» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ሂጃቤ ይሆን? የሚደናቀፈው ጀርመንኛዬ ይሆን? እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ የወገቡ ሕመም ጠናበትና ሐኪሙ እረፍት አዘዘለት። ለአራት ሰው አሥር ቀን ሙሉ ሆቴል መክፈል አቅማችን አልነበረም፤ የምንበላውም ነገር ያሳስበን ነበር። ስለዚህ እስከ ማላጋ በአውሮፕላን ሄደን፣ እዚያ ሞተርሆም የሚሉትን፣ አልጋ፣ ማብሰያ፣ ማቀዝቀዣና መታጠቢያ ያለውን መኪና ተከራየን። ክብደቱ ከ3.5 ቶን ስላልበለጠ በተራው መንጃ ፈቃድ ይነዳል። አራት ብስክሌቶችም ከኋላው ታስረው ተሰጡን።

ከማላጋ ተነስተን፣ ባሕሩን በቀኛችን አድርገን፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዘን አልሜሪያ ደረስን። ከከተማዋ በፊት ያለው ሜዳ በነጭ ላስቲክ ተሸፍኖ ከሩቅ ሲያዩት ሌላ ባሕር ይመስላል። ከላስቲኩ ሥር ቲማቲም፣ ቃሪያና ኪያር ይበቅላል፤ በብርዱ ወራት በጀርመን ገበያ የምንገዛው አትክልት ብዙው ከዚህ የሚመጣ ነው። በዚያ ሙቀት ጎንበስ ብለው ከሚለቅሙት ብዙዎቹ ከሞሮኮና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ስደተኞች ናቸው። ባለቤቴ መኪናውን ቀስ አድርጎ፣ «ሰላጣ በበላን ቁጥር እነዚህን በዱዓችን እናስታውስ» አለን።

አልሜሪያ ስሟ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የመጠበቂያ ማማ ማለት ነው። ከከተማዋ በላይ ቁልቁል የሚመለከተው ትልቅ ምሽግ በ955 በኮርዶባው ኸሊፋ በዐብዱረሕማን 3ኛ ትእዛዝ የተጀመረ ነው። ከተማዋ በ1489 ከሙስሊሞች እጅ ወጥታለች። እኛ ግን ያረፍነው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በካቦ ዴ ጋታ ነው። ቦታው ከ1987 ጀምሮ የተከለለ የተፈጥሮ ጥበቃ ሲሆን፣ በአውሮፓ ምድር ዝናብ እጅግ ከሚያንስባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በክልሉ ውስጥ እንደልብ መኪና አቁሞ ማደር ስለማይፈቀድ ክፍያ ከፍለን በካምፕ ቦታ አረፍን።

የመጀመሪያው ትምህርታችን ውሃ ነበር። የመኪናችን ጋን የሚይዘው 100 ሊትር ብቻ ነው። ቤታችን ቧንቧ ከፍተን ውዱእ እንደለመድን ብናደርግ በማግስቱ ባዶ ሆነ። ባለቤቴም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ መዘገቡን ለልጆቹ አስታወሳቸው። ትንሹ ልጄ ጠርሙስ እያመጣ ሲለካልን ሰነበተ። ንጋት ላይ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደረቆቹ ኮረብታዎች አዙረን አብረን ስንሰግድ፣ አራታችን ፈጅርን በአንድነት ከሰገድን ስንት ጊዜ እንደሆነን ማስታወስ አቃተኝ።

አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ጣሪያው ቅስት የሆነ፣ ከሰው ቁመት ብዙም ያልበለጠ አሮጌ የድንጋይ ቤት አየን። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ «አልሂቤ» ይላል። ባለቤቴ ቃሉ ከዐረብኛው «አል-ጁብ» የተወረሰ መሆኑን ሲነግረን፣ የቅዳሜ የቁርኣን ትምህርት አሰለቸኝ ትል የነበረችው ልጄ ቀና ብላ፣ «ጁብ! ዩሱፍን ወንድሞቹ የጣሉበት!» አለች። ደንግጣ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ፈገግ አልኩላት። ከብዙ ወራት በኋላ ዓይን ለዓይን የተያየነው ያኔ ነው።

ከካምፑ ብዙ ሳይርቅ የጨው ማምረቻ ኩሬዎች አሉ። የባሕር ውሃ በቦይ ይገባል፣ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ይወስዳሉ፣ ጨው ይቀራል። በኩሬዎቹ ውስጥ ፍላሚንጎዎች በቀጫጭን እግሮቻቸው ቆመው አንገታቸውን ደፍተው ሲመገቡ ስመለከት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያደግሁት ዝዋይ ነው። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ወስደውን በአብያታ ሐይቅ ዳር እነዚህኑ ወፎች አይቻለሁ፤ ዛሬ ያ ሐይቅ በእጅጉ ሸሽቷል። የፍላሚንጎ ጫጩት ሲፈለፈል ግራጫ ነው፤ ሮዝ የሚሆነው ከሚመገበው ነገር ቀስ በቀስ በሚያገኘው ቀለም ነው። ይህን ለልጆቼ ሳስረዳ ለራሴ፣ «እኔስ ልጆቼን ምን እየመገብኩ ነው?» አልኩ።

ባለቤቴና ልጆቹ ኩሬዎቹን ታክኮ በሚሄደው ሜዳ መንገድ ላይ በብስክሌት ሲሄዱ እኔ በእግሬ እከተል ነበር። ብስክሌት አላውቅማ! በዝዋይ ሜዳ ወንዶቹ በሳንቲም እየተከራዩ ሲነዱ እኔም አንድ ቀን ሞክሬ አጎቴ አየኝና፣ «ሴት ልጅ! ነውር አይደለም?» ብሎ ጎትቶ አወረደኝ። አጎቴ ሐዲስ አልጠቀሰልኝም፤ የጠቀሰልኝ የጎረቤትን አፍ ነው። እኔም ነውርነቱን ተቀብዬ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ።

ከእኛ ቀጥሎ ያረፉ ሰባ ዓመት የዘለላቸው ሆላንዳዊት አሮጊት ነበሩ። በየማለዳው በብስክሌት ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። በአራተኛው ቀን ልጄ ዓይኔ አሮጊቷን ሲከተል አየችና፣ «እማዬ፣ ላስተምርሽ?» አለችኝ።

መቀመጫውን ዝቅ አድርጋ ሁለቱም እግሮቼ መሬት እንዲረግጡ አደረገች። «ፔዳሉን እርሺው፤ በእግርሽ መሬቱን እየገፋሽ ሂጂ» አለችኝ። ከሰፊው ሱሪዬ በላይ የለበስኩትን ረጅም ቀሚስ ሰንሰለቱ እንዳይዘው በመርፌ ቁልፍ አስያዘችልኝ። «ጎማውን አትይ፣ ሩቅ ተመልከቺ!» እያለች ከጎኔ ትሮጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሥር ሜትር ሄጄ ወደቅሁ። በሁለተኛው ቀን ጠጠር ላይ ተዘርግቼ ጉልበቴ ተላጠ፤ የሚያልፉ ቱሪስቶችም ሳቁ። ልጄ ሮጣ መጥታ አቧራዬን አራገፈችልኝና፣ «አይዞሽ እማዬ፣ ይሳቁ፤ ምን አገባሽ?» አለች።

እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ፣ «በዚያ በወላጆች ስብሰባ ጊዜ ግን አንቺን አገባሽ» አልኳት። በቁጣ አልነበረም። አንገቷን ደፋች። ቆይታ፣ «አንቺ ስትናገሪ እንዲስቁብሽ አልፈለግኩም። ቢስቁ ደግሞ ዝም ብዬ እንደማይ አውቃለሁ። ያሳፈረኝ እሱ ነው» አለች። ወይ ጉድ! እኔ ስንት ሌሊት በእኔ የምታፍር መስሎኝ ስብሰለሰል፣ ልጄ በራሷ ፍርሃት ታፍር ኖሯል። አንዲት ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ ያን ሁሉ ባልተሸከምን። እኔም ስለ አጎቴና ስለ ዝዋይ ሜዳ አወጋኋት።

በዘጠነኛው ቀን አራታችን ወደ ካቦ ዴ ጋታ የባሕር መብራት ማማ ሄድን። ሜዳው ካለቀ በኋላ መንገዱ ጠባብና ዳገት ነው። እኔ ወርጄ ብስክሌቴን ገፋሁ፤ ልጄም መንዳት ስትችል ወርዳ ከጎኔ ገፋች። ከላይ ደርሰን ከታች ማዕበሉ ከባሕር የወጡትን ሹል ዐለቶች ሲያጥብ እያየን ተምርና ዳቦ በላን። ሱብሃነላህ ከማለት በቀር ቃል አልነበረንም።

ከተመለስን በኋላ በኅዳር ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ከሥራ ስገባ የጥሪው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከግርጌው ልጄ በተጣመመ የአማርኛ ፊደል «እማዬ አንቺ ነይ» ብላ ጽፋበታለች። ሄድኩ። ጀርመንኛዬ ተደናቀፈ፤ አንዱ ወላጅ ፈገግ ሲል ልጄ እጄን ጠረጴዛው ላይ ያዘችኝ።

ውድ ወላጆች፣ ለዚህ ስፔን መሄድ አያስፈልግም፤ መኪናም መከራየት ግዴታ አይደለም። ያጣነው ገንዘብ ሳይሆን ጥድፊያ የሌለበት ጊዜ ነበር። ልጆች የሆዳቸውን የሚያወጡት በቀጠሮ ተጠርተው አይደለም፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ወላጃቸውም ወድቆ ሲነሳ ሲያዩ ነው። እናንተም ወጣቶች፣ እናታችሁ የማትችለውን አንድ ነገር ፈልጉና በትዕግሥት አስተምሯት። ስታስተምሯት ብዙ ትነግራችኋለች።

አላህ ቤቶቻችንን በመተሳሰብና በእዝነት ይሙላልን። አሚን።