የሐጂ የዱቤ ደብተር



ሮቤ ያደገ ሰው ጭቃዋን አይረሳም። ያ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ኮንጎ ጫማችንን ከእግራችን እያወለቀ ያስቀርብን ነበር። እኛም አንዱን እግር ስንነቅል ሌላው እየሰመጠብን ከቤት ወደ መድረሳ፣ ከመድረሳም ወደ ትምህርት ቤት እንጓዝ ነበር። እዚህ ላይ «እኛ» ስንል ታላቅ እህታችንን፣ ታናሽ ወንድማችንንና ይህን ጸሐፊ ማለታችን ነው። ዘመኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሳ፣ ለውሓችንን ታቅፈን ለቂርአት እንሄዳለን። ከዚያ እንደወጣን ደብተራችንን ይዘን ወደ ትምህርት ቤት ነው። በ1984 ዓ.ም አፋን ኦሮሞ በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ የተማርን በመሆናችን የቤታችንን ቋንቋ በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፣ ቁርኣንን ደግሞ በዐረብኛ ፊደል ማንበብ ነበረብን። ታናሽ ወንድማችን አንዳንድ ቀን የአማርኛ ደብተሩን ከቀኝ በኩል ጀምሮ ሲጽፍበት አስተማሪያችን ይስቁ ነበር።

በመድረሳውና በትምህርት ቤቱ መካከል አንዲት ሱቅ ነበረች። ሱቅ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ገበያ ማለት ነው። «ግሮሰሪ» ተብሎ የተጻፈበት ቤት ግን በአገራችን ከተሞች በአብዛኛው መጠጥ የሚሸጥበት ስለሆነ በዚያ ደጃፍ እንዳናልፍ ተነግሮናል። የሱቋን ባለቤት ትልቁም ትንሹም «ሐጂ» ይላቸው ነበር፤ እኛም እንደዚያው። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ እስክሪብቶና በብልቃጥ የተሞላ ከረሜላ ነበራቸው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ በጠጠር መንገድ ነበር የሚመጣው። ክረምቱ በርትቶ መኪና ሲዘገይ ሐጂ ያለቻቸውን ስኳር ለሁሉም ቤት እንድትዳረስ በሩብ ኪሎ እየመዘኑ ያካፍሏት ነበር።

የጊዜውን ኑሮ ያቆመው ዱቤ ነበር ብንል አላጋነንንም። በባሌ ደጋ ስንዴና ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመረታል። አንዱ በአፋን ኦሮሞ «ገና» የሚሉት የበልጉ አዝመራ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ቦና» የሚሉት የመኸሩ። ከከተማው ዳር የሚያርሱት አባታችንም እንደ ሌሎቹ ገበሬዎች ገንዘብ የሚያዩት በዓመት ሁለቴ ነው። በመካከል ያሉትን ወራት የምንሻገረው በሐጂ ደብተር ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ አለው። ልጅ ተልኮ ይመጣል፣ ዕቃው ይሰጠዋል፣ ይጻፋል። ፊርማ የለም፤ ማስያዣውም የልጁ ቃል ነው።

ያንን ቃል ነው እኛ ያበላሸነው።

አንድ ሐሙስ፣ የሮቤ ገበያ በቆመበት ቀን፣ እናታችን ሩብ ኪሎ ስኳር እንድናመጣ ላከችን። እህታችን ስኳሩን ከጠየቀች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስት ከረሜላም ብላለች» አለች። ሐጂ ቀና ብለው ሦስታችንንም አዩንና ምንም ሳይናገሩ ጻፉ። የዚያን ዕለት ከረሜላው በአፋችን ውስጥ እያለ እንኳ ልባችን ይመታ ነበር። በሁለተኛው ሐሙስ ፍርሃታችን ቀነሰ። በአራተኛው ጊዜ ከነጭራሹ ጠፋ፤ የከረሜላውም ቁጥር ጨመረ። ኃጢአት በሰው ላይ እንዴት እንደሚለመድ በመጽሐፍ ከማንበባችን በፊት ያየነው በራሳችን ነው።

የቦና አዝመራ ተሰብስቦ አባታችን ስንዴውን እንደሸጡ ሂሳባቸውን ሊዘጉ ሄዱ። ዕቃ እንድንሸከም እኛንም አስከተሉን። ሐጂ ገጹን ከፍተው አንድ በአንድ ያነቡ ጀመር፤ «ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙና...» እኛ በሩ ላይ ቆመን ከረሜላው መቼ ይጠራል እያልን እንንቀጠቀጣለን። ንባቡ አለቀ። ከረሜላ የሚባል ነገር አልተነሳም። አባታችን ከፈሉ፣ ሐጂ መስመር አሰመሩበት፣ ተመራርቀው ተለያዩ። ወንድማችን መንገድ ላይ በጆሯችን «ረስተውታል!» አለን።

በማግስቱ ከመድረሳ ስንወጣ ሐጂ ጠሩን። የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ሲከፍቱልን የሦስታችንም ስም በተርታ ተጽፏል፤ ከሥሩም የየሐሙሱ ከረሜላ ከነቁጥሩ ሰፍሯል።

«የአባታችሁ ዕዳ ሌላ ነው፣ የእናንተ ዕዳ ሌላ ነው» አሉን። «እናታችሁ ከረሜላ በዱቤ እንደማታስመጣ አውቃለሁ።»

«ለአባባ ይነግሩብናል?» አለች እህታችን እያለቀሰች።

«ከእሳቸው ጋር የጨረስኩት የእሳቸውን ነው። የእናንተን ከእናንተ እጠብቃለሁ። ከረሜላ ትንሽ ነው ልጆቼ፤ ዕዳ ግን ትንሽ የለውም።»

ገንዘብ ከየት ይመጣል? ኮምባይነር ካጨደው ማሳ ኋላ የሚወድቅ ዘለላ ነበር። የማሳውን ባለቤት አስፈቅደን ከትምህርት በኋላ ቃርሚያ ወጣን። እጃችን በገለባው እየተጫረ፣ የማታው ብርድ እየቆረጠን ብዙ ቀን ለቀምን። ወቅተንና አንፍሰን ሐሙስ ገበያ በጣሳ ሸጥነው። ሐጂ ሳንቲሙን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ አንዲትም አልማሩንም። ከዚያም እስክሪብቶውን ለእህታችን ሰጥተው «ተከፍሏል ብለሽ ጻፊ» አሏት። እርሷም በቁቤ ጻፈችበት።

ያን ጊዜ ሐጂ ጨካኝ መስለውን ነበር። በመድረሳ ከአጫጭሮቹ ሱራዎች ተነስተን ሱረቱል በቀራ ላይ የደረስነው ከዓመታት በኋላ ነው። ኡስታዛችን 282ኛዋ አንቀጽ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሟ መሆኗን፣ የምትናገረውም ስለ ዕዳ አጻጻፍ መሆኑን ሲያስረዱን እርስ በርሳችን ተያየን። ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ መጻፉን እንዳንሰለች የታዘዝን መሆናችንን ስንሰማ ያቺ የከረሜላ ገጽ በዓይናችን መጣች።

ሙሉ ትርጉሙ የገባን ግን አባታችን በ2004 ዓ.ም ወደ አኼራ በሄዱ ጊዜ ነው። እንደ ልማዳችን በቀብሩ ላይ «ከሟቹ ላይ ዕዳ ያለው ይናገር» ተባለ። ሐጂ አርጅተው በከዘራ ቆመው ነበር። «እኔ ዘንድ ምንም የለባቸውም» አሉ። በዚያች ሰዓት ሦስታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ሐጂ ያንን ከረሜላ በአባታችን ገጽ ላይ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ፣ አባታችን ሳያውቁ በከፈሉት ነበር፤ እኛም ለሟች ባለዕዳ ሆነን በቀረን ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ዐውፍ አይልም። ሐጂ የለዩልን ገጽ ከዚህ ነው ያተረፈን።

የእናታችን ሐቅ ግን ቀርቶ ነበር፤ በስሟ ዋሽተናልና። ከሐዘኑ በኋላ ሦስታችንም ፊቷ ተቀምጠን ነገርናትና ዐውፍ እንድትለን ጠየቅናት። ዝም ብላ አዳመጠችንና፣ «ለእኔ አንድ እንኳ አላተረፋችሁልኝም?» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየናት ያኔ ነው። ዐውፍም አለችን፤ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጎባ እናስተምራለን። የብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ወላጆች ለሱቅ የሚከፍሉት በስልክ ነው፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በልጅ እጅ ማለፉ እየቀነሰ ሄዷል። ይህ መልካም ምቾት ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ቀን ለተማሪዎቻችን «ከእናንተ ውስጥ የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ የተላከ አለ?» ብለን ብንጠይቅ እጃቸውን ያወጡት ጥቂቶች ናቸው። አማና ምን እንደሆነ ትርጉሙን ጠይቀናቸው ግን ሁሉም አሳምረው መለሱ።

ውድ ወላጆች! አማና በትርጉሙ ብቻ አይለመድም። ልጆቻችሁን ላኳቸው። መልሱን ይዘው ሲመጡ ቁጠሩት፤ ቢጎድል ደግሞ አትጩኹባቸው፣ ግን አትሙሉላቸውም። የራሳቸውን ገጽ ክፈቱላቸውና ራሳቸው ይዝጉት። ሐጂ ያንን ዕለት በአንዲት ቃል ዐውፍ ሊሉን ይችሉ ነበር፤ ከረሜላው አያደኸያቸውም። ባለማለታቸው ግን ዛሬም ድረስ ዱዓ እናደርግላቸዋለን።

አላህ ለእሳቸውም ለወላጆቻችንም ይዘንላቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።