ወጌሻና ደረሰኝ

በእግር ኳስ ሜዳ ተጫዋች ጉልበቱን ይዞ ሲንከባለል፣ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ወደ ሜዳው የሚሮጠውን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው አንባቢ ያውቃል። ወጌሻ እንለዋለን። ሰውየው ዲግሪ ይኑረው ዲፕሎማ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይማር በውጭ አገር፣ ተመልካቹ ፊዚዮቴራፒስት ከማለት ይልቅ ወጌሻ ማለት ይቀናዋል። በዚያው ስም የምንጠራው ሌላም ሰው አለ። በገጠር ቀበሌ ከደጃፉ ሕመምተኛ የማይጠፋ፣ ስብራቱን በመዳፉ ዳብሶ የሚለይ፣ በሸንበቆ የሚያስር፣ በቅቤ የሚያሽ ሽማግሌ ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም ሲጠራ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሁለቱም የሚያክሙት በእጃቸው ነው። መድኃኒታቸው አይዋጥም፣ አይወጋም፤ ዛሬ፣ ነገና ከነገ ወዲያ እየተደጋገመ የሚሠራ ሥራ ነው።

ለመሆኑ የዚህ እጅ ዋጋ ስንት ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ በየጁቤ የምትኖረው አክስቴ ናት።

የጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቀው የባሶ ሊበን ምድር ያለች ከተማ ናት። ዋጋ መተመን ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ በጎጃም ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ሳለ ስለ ንግዱ ጽፏል። ዓባይን ተሻግሮ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርዳል። የሰው ልጅ ሳይቀር በዚያ ገበያ ለሽያጭ ቆሟል። እንዲህ ሁሉ ነገር በአሞሌ ተለክቶ በኖረበት አገር፣ የአንዲት ልጅ የሁለት ወር የእጅ ሥራ መለኪያ አጥቶ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋት አክስቴን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የጓሮዋ ጭቃ አንሸራተታትና የቀኝ ጭኗ ተሰበረ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ወጌሻ ይጠራ አለ፤ ግማሹ ቃሬዛ ይሠራ አለ። ክርክሩን የቆረጠችው ራሷ አክስቴ ናት። «መዋጮውን በየዓመቱ የምከፍለው ለመቼ ልሆን ነው? የመድን ደብተሬን አምጡልኝ» አለች። በጤና ጣቢያው በኩል በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ ጭኗ ተከፍቶ ብረት ገባበት። በውጭ ከተገዛው መድኃኒት በቀር የአልጋውንም፣ የቀዶ ሕክምናውንም ወጪ መድኑ ሸፈነላት። ልጠይቃት ስሄድ «አየህ ልጄ፣ ሰጥቼ የረሳኋት ገንዘብ ይኸው ብረት ሆና ጭኔ ውስጥ ገባች» ብላኝ ተሳሳቅን።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ነው። በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ሐሳቡ ለሕዝቡ ባዳ አልሆነበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑን ያገሬ ሰው ከመድን ሠራተኛ አይማርም። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ የመክፈል አቅም ለሌላቸው ድኾች መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ የታመመ ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ያለ ሪፈር ሆስፒታል የገባ ከወጪው እስከ ግማሽ ከኪሱ እንዲከፍል በሙከራው ዘመን የወጣው ደንብ ያዝዝ ነበር። ዕድራችን ለሞት ቆሞ የኖረ ድርጅት ነው፤ ይኸኛው ግን በቁም ላለ ሰው መቆሙ ትልቅ ነገር ነው። በበኩሌ ከማያመሰግኑት ወገን አይደለሁም።

ችግሩ የመጣው ከአልጋ በተነሣች ማግስት ነው። ሳምንታት ሳይታጠፍ የከረመ ጉልበት እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ይላል። አጥንቱ ቢገጥምም ጉልበቱ ካልታጠፈ ሰውየው በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ዳገት መውጣት፣ ከመደብ መነሣት አይሆንለትም። ስለዚህ ሐኪሙ በመሸኛ ወረቀቷ ላይ ፊዚዮቴራፒ የሚል ቃል ጻፈ። በሳምንት ሁለት ቀን ትምጣ ተባለ። መድኑ አልከለከላትም፤ የክፍሉ ክፍያ ይሸፈንልሻል ተብላለች። ዳሩ ግን ክፍሉ ያለው በሌላ ከተማ ነው። ለደረሰባት ሰው ነጻ የሆነው ሕክምና ለመድረስ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ የደጋፊ ሰው ምሳ፣ አንዳንዴም የሁለት ሰው ማደሪያ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ሄደች። በአራተኛው «ጉልበቴን ላስታጥፍ ስሄድ ወገቤ ተቆረጠ» ብላ ቀረች።

በሦስተኛው ቀን የነበረው ወጣት ባለሙያ ግን ብልህ ሰው ነበር። አክስቴን ደግፋ የምትመጣውን ልጇን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት። ተረከዝን በአልጋ ላይ እያንሸራተቱ ጉልበት ማጠፍ እንዴት እንደሆነ፣ የጭንን ሥጋ ማጥበቅና መልቀቅ እንዴት እንደሆነ፣ በምርኩዝ ሲረገጥ የትኛው እግር እንደሚቀድም በእጇ አሠራት። ሕመሙ እስከ የት ድረስ የሚታገሥ እንደሆነና ምን ምልክት ሲታይ ቆሞ ወደ ሐኪም መመለስ እንደሚገባ ነገራት። ይህች ልጅ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ትምህርቷን ያቋረጠች፣ በገበያ ቀን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል ጠዋትና ማታ እናቷን ስታሠራ ቆየች። እናት ስትጮህ ታቆማለች፤ እናት ስትለምን አታቆምም። እንጀራው ቀረ፤ ደንበኛው ወደ ሌላ ሄደ። በኅዳር አክስቴ በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። ጉልበቷ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ስግደት አይሞከርም። በርጩማ ላይ ግን ትቀመጣለች፤ ቡናዋን ራሷ ታፈላለች።

የአክስቴን ሕክምና ወጪ በወረቀት ላይ የሚያይ ሰው ካርድ፣ ራጅ፣ ቀዶ ሕክምና፣ አልጋና መድኃኒት ያገኛል። ጤና ድርጅቱ የሰጠውን አገልግሎት በቅጽ ሞልቶ ለመድኑ ያቀርባል፤ መድኑ መርምሮ ይከፍላል። ደረሰኝ የሌለው ነገር አልተሠራም ማለት ነው። ያቺን ጉልበት ያጠፈችው ልጅ በየትኛውም ቅጽ ላይ የለችም። መድኑ ብረቱን ያውቃል፤ ብረቱ ከንቱ እንዳይቀር ያደረገውን እጅ አያውቅም። ጉልበቱ ግትር ሆኖ ቢቀር ኖሮ ለቀዶ ሕክምናው ከወጣው ገንዘብ ብዙው ውኃ በበላው ነበር።

ይህ የእኛ ድኽነት ብቻ የፈጠረው ግራ መጋባት እንዳይመስለን። በደብረ ማርቆስ አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ የፊዚዮቴራፒስት ረዳት ሆኖ ይሠራል። በዚያ አገር ረዳት ማለት የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ጨርሶ፣ ፈተና አልፎ፣ ፈቃድ የተቀበለ ሰው ነው። ሕመምተኛውን መርምሮ የሕክምናውን ዕቅድ የሚያወጣው ዋናው ባለሙያ ነው፤ ረዳቱ በዚያ ዕቅድ መሠረት ያሠራል። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የመንግሥት መድን ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በተመላላሽ ሕክምና በረዳቱ ለተሠራ ሥራ የሚከፍለው ለዋናው ባለሙያ ከሚከፍለው 85 በመቶውን ነው። ረዳቱ ለብቻው የሠራው ከአገልግሎቱ ከአንድ አሥረኛ በላይ ከሆነ በሒሳቡ ላይ ልዩ ምልክት ይደረግና ተቀናሹ ይመጣል። ጓደኛዬ በስልክ ሲያጫውተኝ «ያው ጉልበት ነው፣ ያው ደቂቃ ነው፤ የእኔ እጅ ሲነካው ግን አሥራ አምስት ሳንቲም ይጎድላል» ይለኛል።

የሕጉን ምክንያት መገመት አይከብድም፤ አነስተኛ ሥልጠና ላለው ሰው እኩል አይከፈልም ነው። የዚያ አገር የሙያው ማኅበር ግን ተቃወመ። በገጠሩ ክፍል ሕዝቡን የሚያገለግሉት በብዛት ረዳቶች ስለሆኑ ተቀናሹ የሚያርፈው በገጠሩ ላይ ነው ሲል ተከራከረ። ይህን ስሰማ የየጁቤ መንገድ ታየኝ። እነርሱ የሚጣሉት በሰማንያ አምስትና በመቶ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። የእኛ ጥያቄ ከዜሮ ይጀምራል።

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያውስ ወጌሻው አለ አይደለም ወይ? ለእርሱ ይከፈለው» ይል ይሆናል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የወጌሾቻችንን ጥበብ አልንቅም፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የስንቱን ክንድ ያቀኑ ናቸው። ነገር ግን ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ ሸንበቆ ደም አላሳልፍ ብሎ እጅና እግር እንዳስቆረጠ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ጉዳይ ነው። ማሰሪያው ሲጠብቅ ጣት ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል። ያን ጊዜ መፍታት የማያውቅ እጅ ደረሰኝ ቢሰጠውም ያው ነው። ስለዚህ እጅ ሁሉ ይከፈለው አላልኩም። የተማረ፣ ተቆጣጣሪ ያለው፣ ወሰኑን የሚያውቅ እጅ ይከፈለው ነው የምለው። ከወጌሾቹ መካከልም ለመማር ፈቃደኛ የሆነውን ከደጅ መመለስ አይገባም፤ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ እርሱ ነውና።

ይህ ደግሞ ሞክረነው የማናውቀው ነገር አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ሴቶችን በየቀበሌው ሁለት ሁለት እያደረጉ በደመወዝ ማሠማራት ለብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። አገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ መቀነሷ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲነገር፣ ከምክንያቶቹ አንዱ እነዚያ ቤት ለቤት የዞሩ ሴቶች መሆናቸውን ያልመሰከረ አልነበረም። ለክትባትና ለወሊድ የሆነው ለተሰበረ ጭን፣ ግማሽ አካሉ ለማይታዘዘው ሰው የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት የተሐድሶ ሕክምና ሊጠቅማቸው የሚችል ሰዎች በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ያህል ናቸው ይላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የዓለም ጤና ጉባኤ አባል አገሮች ይህን ሕክምና በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያጠናክሩ ወስኗል። ውሳኔው በጄኔቫ ነው የተጻፈው፤ ጉልበቱ ግን ያለው በባሶ ሊበን ነው። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ የከረመበት ጊዜ ብዙ ነው። መንገድ በተዘጋ ቀን በሳምንት ሁለቴ ና የሚል ወረቀት ምን ይፈይዳል? በጥይት አጥንቱ የተሰበረው ሰው ቁጥርም በዚያው ልክ ጨምሯል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየጤና ጣቢያው ሰውነት ማንቀሳቀስ የሠለጠነ አንድ ረዳት ይኑር። እርሱም በሆስፒታል ላለው ፊዚዮቴራፒስት ተጠሪ ይሁን፤ የማያውቀውን በስልክ ይጠይቅ፤ ቤት ለቤት ሄዶ ቤተሰቡን ያሠልጥን። የመድኑም ቅጽ ይህን ጉብኝት የሚያስገባበት አንድ መስመር ይጨመርበት። ዋጋው ከዋናው ባለሙያ ሰማንያ አምስት በመቶ ይሁን ስድሳ፣ የሒሳብ ሰዎች ይከራከሩበት። ለመከራከር እንኳ መጀመሪያ መስመሩ መኖር አለበት።

የአክስቴ ልጅ አሁን ወደ እንጀራዋ ተመልሳለች። በሠፈሩ ግን ስሟ ተለውጧል። እግሩ የተሰበረ፣ ከጄሶ የወጣ ሰው ሲኖር «ያቺን ልጅ ጥሯት» ይባላል። ትሄዳለች፤ ያስተማራትን ሰው ቃል እያስታወሰች የምትችለውን ታሠራለች፤ የማትችለውን «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» ትላለች። ባለፈው ስጠይቃት እስካሁን የተከፈላት አንድ ኪሎ ቡናና ብዙ ምርቃት ነው። ምርቃቱን አትጠላውም። ጤፍ ሻጩ ግን ምርቃት አይቀበላትም።