ወፍ ሲንጫጫ በሳሪስ

ሳሪስ ሲባል ጆሮዎ ላይ ቀድሞ የሚደውለው የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ ቁልቁል ወደ ቃሊቲ የሚወርድ የከባድ መኪና ሞተርና የብረታ ብረት ቤቶች ጩኸት ቢሆን አይፈረድብዎትም። የደብረ ዘይት መንገድ ሰፈሩን ሰንጥቆት ያልፋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቀላል ባቡሩ ተጨምሮበታል። "ተፈጥሮን ለማዳመጥ ሳሪስ እንሂድ" ቢባል ፈገግ የማይል የሰፈሩ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም።

ይሁንና መንገዱ ከመንቃቱ በፊት ያለችው ሰዓት ሌላ ናት። አባቶቻችን የእጅ ሰዓት ሳያስሩ "ወፍ ሲንጫጫ" እያሉ ይቀጣጠሩባት የነበረችው ማለቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ልጅዎን ቀስቅሰው፣ ጋቢ ደርባችሁ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ቤት ይቅር። መጀመሪያ የሚሰማችሁ የውሻ ጩኸትና የጎረቤት በር ብቻ ቢሆን አትቸኩሉ። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ጊዜ እንደሚወስድበት ሁሉ ጆሮም እንደዚያው ነው።

ከአጥሩ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚያፏጨው፣ ደረቱ ብርቱካንማ የሆነና ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው ትንሽ ወፍ የሌሎችን ወፎች ዜማ መኮረጅ ያውቅበታል። ልጅዎ "አምስት ዓይነት ወፍ ሰማሁ" ቢልዎት፣ አምስቱም እሱው ሊሆን ይችላል። (አውራ ዶሮውን አትቁጠሩት፤ እሱ ሳይጠየቅም ይናገራል።) ቀጥሎ ዋኖሶቹ በወፍራም ድምፅ ይቀበላሉ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሰማይ ላይ ሰው የሚስቅ የሚመስል ሻካራ ጩኸት ከሰማችሁ ቀና በሉ። ረጅም ቆልማማ መንቆር ያላቸው፣ ከጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ቆዳ የተንጠለጠለባቸው ትልልቅ ወፎች ካደሩበት ዛፍ ወደ ሣር ሜዳ እየሄዱ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በየትም አገር አይኖሩም። ለእኛ ግን የማንቂያ ደወል ያህል እንኳ ክብር አላገኙም!

ሳሪስ አቦን የሚሳለሙ ከሆነ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያውቁታል። አንበሶችና ነብሮች ግራና ቀኝ ከበዋቸው፣ አንዲት የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ። ለወፍ ጥም ዓይኑን የሚሰጥ ጻድቅ የሚዘከርበት ሰፈር ለወፍ ዜማ ጆሮውን መስጠት አይከብደውም ብዬ አምናለሁ።

ጥቅሙ ደግሞ ለነፍስ ብቻ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት 295 ሰዎችን ከፋፍሎ ለ6 ደቂቃ ገሚሱን የወፍ ዜማ፣ ገሚሱን የትራፊክ ድምፅ አሰማቸው። የወፍ ዜማ የሰሙት ጭንቀታቸው ቀለል አለ፤ የትራፊክ ድምፅ የሰሙት የድባቴ ስሜታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ስድስት ደቂቃ ማለት ቡና እስኪፈላ የማይሞላ ጊዜ ነው።

ወፎቹም ከጫጫታው ጋር ይታገላሉ። በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ የተደረገና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጫጫታ በበዛበት ሰፈር ያሉ ወፎች በመኪና ድምፅ እንዳይዋጡ ቀጠን ያለውን ዜማ እንደሚመርጡ አሳይቷል። ዛፉ ሲቆረጥ ግን ምንም ማድረግ አይችሉም። የጎረቤት ግቢ ወይራ ለፎቅ ቦታ ስትለቅ ዋኖሱ ይሄዳል፣ የመንገዱም ድምፅ በክፍተቱ ይገባል። ልጆቻችን አይሱዙንና ሲኖትራክን ሳያዩ በድምፅ ይለያሉ፤ ዋኖስን ከእርግብ የሚለዩት ስንቶቹ ናቸው?

ጆሯችሁ ከተከፈተ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አንድ ማለዳ ከአቃቂ ባሻገር ወዳለው የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ውረዱ። ውሃው የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ስለሚመጣ ልጆች እንዳይነኩት ተጠንቀቁ። ከዳር ሆናችሁ አዳምጡ፤ የአውሮፓና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች እርጥብ ሜዳው ላይ ይሰፍራሉ። ከመካከላቸው ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች አሉ፤ እርስ በርስ ሲጠራሩ ከሩቅ መለከት የሚነፋ ይመስላል።